ድሬዳዋ ላይ የማይጮኽ ኮምፒውተር፦ ስለ ፓወር ሰፕላይና ስለ ማቀዝቀዣ አመራረጥ

የፓወር ሰፕላይ (ከሶኬት የሚገባውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያከፋፍለው ሣጥን) ካርቶን ላይ «80 ፕላስ ጎልድ» የሚል የኃይል ብክነት ደረጃ ምልክት ስታዩ አንድ ነገር አስታውሱ፤ ምልክቱ የተሰጠው 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ባለው ክፍል ውስጥ በተደረገ ፍተሻ ነው። ሳቢያን ወይም ገንደ ቆሬ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በግንቦትና በሰኔ እንኳን ቀን ሌሊትም 23 ዲግሪ አይገኝም። ውጭው 35 ዲግሪ ሲገባ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት የዋለ ክፍል ከዚያ ይብሳል። ውጭ አገር ያሉ ገምጋሚዎች «ድምፁ ጨርሶ አይሰማም» ብለው ያወደሱት ዕቃ ድሬ ገብቶ ሲጮኽ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሻጩን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሻጩ አላታለለም፣ ዕቃውም ፎርጅድ አይደለም። የተለካበት አየርና የሚሠራበት አየር አልገናኝ ብሎ ነው።

ይህን የምጽፈው የኮምፒውተራቸው ጩኸት ሥራ ለሚያስፈታቸው ሰዎች ነው፤ ቤታቸው ድምፅ ለሚቀርጹ፣ በኢንተርኔት ለሚያስተምሩ፣ ልጅ በተኛበት ክፍል ውስጥ ለሚያመሹ። ድሬ ከቀትር በኋላ ሱቁም ሰውም ጋብ ይላል፤ ሥራው የሚሟሟቀው ፀሐይዋ ስትበርድ ነው። ቀን ባጃጁ ሸፍኖት የዋለው የፋን ድምፅ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ብቻውን ይቀራል፤ ማይክሮፎን ደግሞ ከጆሮ ብሶ ይለቅመዋል።

የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። ድሬዳዋ ላይ ጸጥ ያለ ኮምፒውተር የሚፈልግ ሰው ፋን ከመግዛቱ በፊት ዋት ይቀንስ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመለሰው ወደዚህ ነው።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

ኮምፒውተር ከሶኬት የሚስበው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። 300 ዋት የሚስብ ማሽን ክፍላችሁን በ300 ዋት ያሞቃል ማለት ነው። ፋን ሙቀትን አያጠፋም፤ ከብረቱ ወደ አየሩ፣ ከኬዙ ወደ ክፍሉ ያሻግረዋል እንጂ። በርና መስኮት ዘግታችሁ ስትሠሩ ክፍሉ ይሞቃል፣ ክፍሉ ሲሞቅ ፋኑ ይፈጥናል፣ እናንተም ድምፁ ሰልችቷችሁ ትነሣላችሁ።

ፋን የሚያቀዘቅዘው በክፍሉ አየር ስለሆነ የፕሮሰሰሩ ሙቀት ሁልጊዜ በክፍሉ ሙቀት ላይ የሚደመር ነው። አንድ ሂት ሲንክ (ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን የሚቀበለው ክንፋም ብረት) 21 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ፕሮሰሰሩን 65 ዲግሪ ላይ ካቆመው፣ ጭማሪው 44 ዲግሪ ነው። ያው ሂት ሲንክ፣ በዚያው የፋን ፍጥነት፣ 35 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 79 ያደርሰዋል። ማዘርቦርዱ 79 ዲግሪ ሲያነብ ፋኑን እንዲያፈጥን ከፋብሪካ ታዟል። ጩኸቱ የሚመጣው ከዚህ ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙ ደግሞ ሊቀየር ይችላል፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ከፍታውም ይቆጠራል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ በ35 ዲግሪ ሙቀት ያለው አየር፣ ባሕር ዳርቻ ላይ በ20 ዲግሪ ካለው አየር ከ15 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ዙር እየዞረ የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ይሆናል።

አሁን መልካሙን ዜና ልንገራችሁ። የፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚገፋው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን ወደ 15 ዴሲቤል ይወርዳል። ጆሮ 10 ዴሲቤል የቀነሰን ድምፅ የሚሰማው በግማሽ የቀነሰ ያህል ነው። በደቂቃ 1,500 ዙር የሚዞረውን አንድ ፋን አንሥታችሁ፣ ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ፋኖችን በ750 ዙር ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የሚያልፈው አየር ተቀራራቢ ነው። ሁለተኛው ፋን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ በድምሩ 12 ዴሲቤል ያህል ታተርፋላችሁ። ብዙና ትልልቅ ፋን በዝግታ ማዞር ከአንድ ፈጣን ፋን የሚሻለው በዚህ ስሌት ነው። 12 ሴንቲ ሜትር ወይም 14 ሴንቲ ሜትር ፋን የሚገባበት ኬዝ ካላችሁ 8 ሴንቲ ሜትሩን እርሱት።

ከመግዛት በፊት ግን የሚጮኸው የትኛው እንደሆነ ይለይ። አንድ የኤ4 ወረቀት ጠቅልሉና አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ፣ ሌላውን የኬዙ ጎን ተከፍቶ ወደ እያንዳንዱ ፋን አስጠጉ፤ ክፍሉ ውስጥ የተደባለቀው ድምፅ ይለያያል። ይጣራ ካላችሁ የኬዙን ፋን መሐል ላይ፣ ክንፎቹን ሳትነኩ፣ በጣት ለአንድ አፍታ ያዝ አድርጋችሁ ልቀቁት። የፓወር ሰፕላዩን ፋን ግን እንዲህ አትሞክሩ፤ ፍርግርጉ ውስጥ ምንም ነገር አይገባም። «ሽሽሽ» የሚል የአየር ድምፅ ከሆነ ፋኑ ፈጥኗል ማለት ነው። «ትርርር» ወይም የሚያቃስት ዓይነት ከሆነ ቦቢኖው ሳይሆን የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋል፤ ቅንብር አያድነውም፣ ይቀየር። ስክሪኑ ላይ ገጽ ስታንሸራትቱ ወይም ጌም ስትከፍቱ የሚቀያየር ቀጭን ጥዝታ ከሆነ ደግሞ የሚንቀጠቀጡት የግራፊክስ ካርዱ ወይም የፓወር ሰፕላዩ ጠምዛዛ ሽቦዎች ናቸው። ይህንን ፋን መቀየር አይነካውም፤ ዋት መቀነስ ግን ብዙ ጊዜ ያለዝበዋል።

ፓወር ሰፕላይ

ፓወር ሰፕላይ የሚጮኸው ራሱ ሲሞቅ ነው። የሚሞቀው ደግሞ ከሶኬት ወስዶ ለኮምፒውተሩ ሳይሰጥ የሚያስቀረው ኃይል ሆዱ ውስጥ ስለሚቃጠል ነው። ኮምፒውተሩ 300 ዋት ሲፈልግ 80 በመቶ ብቻ የሚያሳልፍ ፓወር ሰፕላይ ከሶኬት 375 ዋት ይስባል፤ 75 ዋቱ እዚያው ይቀራል። 92 በመቶ የሚያሳልፈው ግን 326 ዋት ገደማ ስቦ የሚያስቀረው 26 ዋት ነው። የመጀመሪያው ፋን ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት ማስወጣት አለበት። ጎልድ ወይም ፕላቲነም ስትገዙ የመብራት ቆጣሪው ላይ ከምታተርፉት ይልቅ ጆሯችሁ ላይ የምታተርፉት ይበልጣል።

80 ፕላስ የሚባለው ምደባ የተጀመረው በ2004 ነው። በ115 ቮልት ፍተሻ፣ በግማሽ ጭነት ላይ፣ ብሮንዝ 85፣ ጎልድ 90፣ ፕላቲነም 92 በመቶ ማሳለፍ ይጠበቅበታል። የእኛ 220 ቮልት ስለሆነ ውጤቱ ትንሽ የተሻለ ይሆናል፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ግን ያው ዋት እንዲገኝ ብዙ ኩረንት ይስባል፣ ብክነቱም ይጨምራል። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድና አምፖሉ ሲደበዝዝ የፓወር ሰፕላዩ ፋን የሚነሣባቸው ሰዎች ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

አብዛኛው ፓወር ሰፕላይ ትንሽ የሚያባክነው ከአቅሙ ግማሽ አካባቢ ሲሠራ ነው፤ ፋኑም እስከዚያ ድረስ ይዘገያል። ስለዚህ ኮምፒውተራችሁ በሥራ ላይ ከሚስበው ወደ እጥፍ የሚጠጋ አቅም ምረጡ። ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰርና 170 ዋት የሚስበው አርቲኤክስ 3060 ያለው ማሽን በሙሉ ጭነት 300 ዋት ገደማ ይስባል፤ 550 ወይም 650 ዋት ጎልድ ይበቃዋል። ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ የሚውል፣ 50 ዋት እንኳ የማይሞላ ማሽን ላይ 1,000 ዋት መጫን ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከአቅሙ 10 በመቶ በታች ሲሠራ ብዙው ፓወር ሰፕላይ ቅልጥፍናው ይወርዳል።

ቀጥሎ የምትጠይቁት፣ ዋቱ የተሰጠው በስንት ዲግሪ እንደሆነ ነው። ጥሩዎቹ «በ40 ዲግሪ» ወይም «በ50 ዲግሪ» ሙሉ አቅማቸውን እንደሚሰጡ ይጽፋሉ። ርካሾቹ በ25 ዲግሪ ለክተው ዝም ይላሉ። ኬዝ ውስጥ ያለው አየር ከክፍሉ በጥቂት ዲግሪዎች እንደሚበልጥ አስቡና፣ ለድሬዳዋ 50 ዲግሪ የተጻፈበትን እመርጣለሁ፤ ከብሮንዝና ከጎልዱ ክርክር እንኳ ይህን አስቀድማለሁ። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) 105 ዲግሪ የሚችሉ መሆናቸውም እንዲሁ ነው። የካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር እጥፍ ያህል ይረዝማል፤ እኛ ደግሞ የምንኖረው በተቃራኒው በኩል ነው።

የፋኑን ኩሽኔታ ዓይነት ማወቅ ያለባችሁም በዚሁ ምክንያት ነው። ርካሹ «ስሊቭ» የሚባለው በዘይት የሚንሸራተት ነው፤ አዲስ ሳለ ጸጥ ያለ ነው፣ ሙቀት ላይ ግን ዘይቱ ይደርቃል። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ደግሞ ፋኑ ጀርባው ላይ ተኝቶ ወይም ተደፍቶ ስለሚሠራ ቶሎ ያልቃል። «ቦል ቤሪንግ» ሙቀት ይችላል፣ ዕድሜውም ረዥም ነው፤ ዝቅ ያለ የማያቋርጥ እርርታ ግን አለው። «ፍሉይድ ዳይናሚክ» የሚባለው ሁለቱን ያስታርቃል። ድምፅ ለሚቀርጽ ሰው ሦስተኛውን፣ ቀን ተሌት ለሚበራ የሱቅ ማሽን ሁለተኛውን እላለሁ።

ዛሬ ብዙ የሚወደሰው፣ ጭነቱ ቀላል ሲሆን ፋኑን ጨርሶ የሚያቆመው ዓይነት ነው። ቀዝቃዛ አገር ላይ ግሩም ነው። እኛ ጋ ግን ሙቀቱ ድንበሩ ላይ ስለሚያንዣብብ ፋኑ ይነሣል፣ ይቆማል፣ ይነሣል። ጆሮ የማያቋርጥ ዝቅተኛ ድምፅን ይለምደዋል፤ በየደቂቃው የሚነሣና የሚወድቀውን ግን አይለምድም። ብዙዎቹ ከጀርባቸው ይህን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ስላላቸው አጥፉትና ፋኑ በዝግታ ሁልጊዜ ይዙር። ካፓሲተሮቹም ያመሰግኗችኋል። ፋን የሌለውን ፓወር ሰፕላይ ድሬዳዋ ላይ ለማንም አልመክርም።

ድምፅን ራሱን ለክቶ ደረጃ የሚሰጥ ሳይቤኔቲክስ የሚባል ተቋም አለ። በእሱ አመዳደብ «ኤ ፕላስ» ከ15 እስከ 20፣ «ኤ» ከ20 እስከ 25 ዴሲቤል ነው። ካርቶኑ ላይ ካገኛችሁት ከማስታወቂያው ይልቅ እሱን እመኑ።

ገበያ ላይ «500 ዋት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሞልቷል። ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚጠጡት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው፤ ስለዚህ የ12 ቮልቱን አምፒር በ12 አባዙ። ሠንጠረዡ 18 አምፒር ካለ ውጤቱ 216 ዋት ነው፤ የቀረው ብዙው የ5 እና የ3.3 ቮልት ድርሻ ነው፣ የዛሬ ኮምፒውተር ደግሞ ከእነዚህ ብዙም አይስብም። የእውነተኛ 500 ዋት 12 ቮልት መስመር 40 አምፒር ገደማ ያሳያል። ከዚያ በእጃችሁ መዝኑት፤ ውስጡ የሚገባው መዳብና አሉሚኒየም ክብደት አለው፣ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀልለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከጀርባው 115 እና 230 የተጻፈበት ቀይ ማንሸራተቻ ያለው አሮጌ ዓይነት ካጋጠማችሁ፣ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት 230 ላይ መሆኑን ሁለቴ እዩ። 115 ላይ ሆኖ የእኛ 220 ቮልት ከገባበት ይፈነዳል። ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሱ የሚለይ ከሆነ ቀዩ ማንሸራተቻ የለውም፤ ይህኛው ዝቅ ያለ ቮልቴጅንም ስለሚችል ተመራጭ ነው።

አቀማመጡም ድምፅ ይፈጥራል። በአሮጌ ኬዞች ፓወር ሰፕላዩ ከላይ፣ ከፕሮሰሰሩ አናት ላይ ነው ያለው። ፕሮሰሰሩ ያሞቀውን አየር እየሳበ ስለሚያስወጣ፣ የራሱ ሙቀት ሳያንሰው የኬዙን ሁሉ ሙቀት ተሸክሞ ይጮኻል። ከታች የሚገባበትና አየር ከወለሉ በኩል በወንፊት የሚስብበት ኬዝ ይህን ያስቀራል፤ ግን ምንጣፍ ላይ ካስቀመጣችሁት አፍንጫውን ዘጋችሁት። መሬት ላይ ተቀምጦ መሥራት ለምትወዱ፣ ከሥሩ አራት ጣት የሚያነሣው የእንጨት መቆሚያ አሠሩለት።

ልባሽ የቢሮ ማሽን ለያዛችሁ

አብዛኛው የከተማችን ሰው የሚጠቀመው ከውጭ ተጠቅመውበት የመጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ነው፤ እኔም ለጽሕፈት ለሚፈልግ ሰው እሱን እላለሁ። ስለ እነዚህ ማወቅ ያለባችሁ፣ ፓወር ሰፕላያቸው ከተለመደው ጋር አይለዋወጥም። ኦፕቲፕሌክስ 3020፣ 7020 እና 9020 ከተለመደው 24 ፒን ይልቅ 8 ፒን ነው ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው፤ ኤችፒም የራሱ አለው። ጸጥ ያለ ፓወር ሰፕላይ ገዝታችሁ መጥታችሁ አልገባ ይላችኋል። አስማሚ ገመድ አለ፣ ግን የትንሹ ኬዝ መጠንም ይለያል።

ደግሞም መቀየር የሚያስፈልጋቸው ጥቂት ጊዜ ነው። የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ አብዛኛው ጥሩ ነው፤ የሚጮኹት ለዓመታት ስላልጸዱና በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ስለደረቀ ነው። የፕሮሰሰሩን ፋን ፈትታችሁ ስታነሡ በፋኑና በሂት ሲንኩ መካከል እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ ግራጫ አቧራ ታገኛላችሁ፤ በጣት ቆንጥጣችሁ ስትስቡት አንድ ላይ ተያይዞ ይነሣል። ፋኑ ላይ ሆናችሁ ስታዩት ሂት ሲንኩ ንጹሕ ይመስላል፣ ምክንያቱም አቧራው ያለው ከፋኑ ሥር ነው። አየሩ እዚያ ስለማያልፍ ፋኑ በሙሉ ፍጥነት እየጮኸ ፕሮሰሰሩ ይቃጠላል። ይህን አንሥታችሁ፣ የደረቀውን ፔስት በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋችሁ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሐሉ ላይ አድርጋችሁ መልሳችሁ ስትገጥሙት ያው ማሽን ነው ብላችሁ አታምኑም። ማንኛውም ወጪ ከመውጣቱ በፊት ይህ ይሠራ።

ዴል ላይ ሌላ ፋን ብትገጥሙ ማሽኑ ሲነሣ ፋኑን አላውቀውም ብሎ ሊያስጠነቅቃችሁ ይችላል። ስለዚህ ፋኑ ካለቀ የራሱን ዓይነት ፈልጉ።

አቧራ

የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ነፋስ ሲነሣ የሚመጣውን አሸዋማ አቧራ የማያውቅ የለም። አየር የሚገባበት በኩል ወንፊት ይኑር፤ ፋብሪካው ካላደረገለት የሴት ስቶኪንግ ወጥሮ ማሰር ይሠራል። ወንፊት ሲዘጋ ግን ከአቧራው ብሶ ያፍናል፤ በየሳምንቱ ይራገፍ። ከሚያስወጣው ፋን የሚያስገባው ይብለጥ፣ ያኔ አየሩ በየስንጥቁ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ አቧራ ይዞ አይገባም።

ኮምፒውተር ተሸክሞ ጎሚስታ ጋ ሄዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ሆኗል። ተዉት ብዬ እለምናለሁ። ታንኩ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃና ዘይት ከአየሩ ጋር ይረጫል፤ ግፊቱም ለጎማ እንጂ ለማዘርቦርድ አልታሰበም። ፋኑ በነፋሱ ከሚችለው በላይ እንዲሽከረከር ከለቀቃችሁት ኩሽኔታው ይጎዳል፣ እንደ ጄኔሬተር ሆኖም ኤሌክትሪክ ወደ ማዘርቦርዱ ይመልሳል። ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆን አነስተኛ ብሎወርና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፤ እየነፋችሁ ክንፎቹን በጣት ያዙ። ፓወር ሰፕላዩን ሳትከፍቱ በፍርግርጉ በኩል ንፉት። ክዳኑን መክፈት ክልክል ነው፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ያለ ገንዘብ የሚገኘው ጸጥታ

መጀመሪያ ላይ ዋት ቀንሱ ያልኩት ይሄን ነው፤ አብዛኛውን ለውጥ የሚያመጣው ይህ ሆኖ ሳለ ሰው የሚደርስበት መጨረሻ ላይ መሆኑ ያስቆጨኛል።

ዊንዶውስ ውስጥ «ፓወር ኦፕሽንስ» ገብታችሁ «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚለውን ከ100 ወደ 99 በመቶ አውርዱ። በብዙ የኢንቴል ማሽኖች ላይ ይህቺ አንድ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን ቱርቦ ታጠፋለች። ለምሳሌ ኮር አይ5 4570 ከ3.6 ጊጋኸርዝ ወደ 3.2 ይመለሳል። ያቺ የመጨረሻዋ ፍጥነት ነች ከድርሻዋ በላይ ቮልቴጅ የምትበላው፤ ስትቀር ሙቀቱ ይወርዳል፣ ፋኑ ይረጋጋል፣ ሰነድ ሲጻፍ ልዩነቱ አይታወቅም። ራይዘን 5 5600 ያላችሁ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ «ኢኮ ሞድ» አብሩ፤ እስከ 76 ዋት የሚስበው ወደ 61 ይወርዳል። ግራፊክስ ካርድ ያላችሁም «ፓወር ሊሚቱን» ወደ 75 በመቶ አውርዱት፤ የሚጠፋው ፍጥነት ከሚቀንሰው ዋት ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ያ የፋብሪካ ትእዛዝ ነው። ባዮስ ውስጥ የፋኑን ፍጥነት ከሙቀቱ ጋር የሚያያይዝ ሠንጠረዥ አለ። ብዙዎቹ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን መከላከል የሚጀምሩት 100 ዲግሪ ላይ ነው፤ ራይዘን 5 5600 ደግሞ 90 ላይ። በ35 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ፕሮሰሰሩን 60 ላይ ለማቆም መታገል ትርፉ ጩኸት ነው። ፋኑ እስከ 70 ዲግሪ ድረስ በዝግታ እንዲዞር፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲጨምር፣ 85 ላይ ሙሉ እንዲሆን አድርጉት። 78 ዲግሪ ስታዩ አትደንግጡ፤ ለድሬ ማሽን ጤነኛ ቁጥር ነው። ፋኑ ለውጥ ከማድረጉ በፊት ጥቂት ሰከንድ እንዲጠብቅ የሚያደርግ ምርጫ ካለም አብሩት፤ ገጽ በከፈታችሁ ቁጥር የሚነሣው ጩኸት በዚያ ይቀራል።

ሦስት ፒን ያለው ፋን አራት ፒን ላይ ተሰክቶ ባዮሱ «ፒደብሊውኤም» (ለአራት ፒን ፋን የሚሆነው የፍጥነት መቆጣጠሪያ) ላይ ከሆነ ፋኑ ፍጥነቱን መቀነስ አይችልም፤ ዕድሜ ልኩን በሙሉ ኃይል ይዞራል። «ዲሲ» ወደሚለው ቀይሩት። አዲስ የተገጠመ ማሽን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲጮኽ መጀመሪያ የምመለከተው ይህን ነው።

ለፕሮሰሰሩ ትልቅ ሂት ሲንክ መግዛት የምትችሉ ከሆነ ዋጋውን ያወጣል፤ የብረቱ ስፋት በጨመረ ቁጥር የፋን ፍጥነት ይቀንሳልና። ኖክቱዋ በጸጥታው የታወቀ ነው፣ ውድም ነው፤ ቴርማልራይትና አርክቲክ በጣም ባነሰ ዋጋ ብዙም ሳይርቁ ይከተሉታል። በውኃ የሚያቀዘቅዘውን እዚህ አገር አልመክርም። ፓምፑ ራሱ ድምፅ አለው፣ ውኃው ከዓመታት ብዛት በቱቦው በኩል ይቀንሳል፣ ሲበላሽ መለዋወጫ አይገኝም። ሙቀቱንም በመጨረሻ የሚጥለው ያው 35 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ነው።

ዩፒኤስና ስታቢላይዘር

ኮምፒውተሩን አስተካክላችሁ ዩፒኤሱ ሲጮኽባችሁ ያናድዳል። ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚሰጠው ሞገድ ደረጃ ደረጃ የተሰበረ ነው፤ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ በዚህ ሞገድ ላይ ሲጥዝ ወይም መብራት ሲሄድ አብሮ ሲጠፋ የሚታየው ለዚህ ነው። «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የሚለውን ግዙ። ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ስታቢላይዘር ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚችል ፓወር ሰፕላይ ካላችሁ ለኮምፒውተሩ ብላችሁ አትግዙት፤ ድንገት ለሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚከላከል ጥሩ ዲቫይደር ይሻላል።

ሐረር ለምትኖሩ ነገሩ ይቀልላል። ደንገጎን ወጥታችሁ ጀጎል ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ቢሆንም፣ ከድሬ በጥቂት ዲግሪዎች ቀዝቃዛ ስለሚሆን በትርፉ ትበልጡናላችሁ። ፋኑን በቀላል ጭነት የሚያቆመው ፓወር ሰፕላይ እናንተ ጋ ይሠራል። የጀጎል የድንጋይ ቤት ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ቀን የውጭውን ሙቀት ያዘገየዋል።

ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ሄዳችሁ ስትገዙ፣ በገበያው ጫጫታ መሐል የትኛውም ፋን ጸጥ ያለ ነው፤ እዚያ ቆማችሁ በጆሮ አትፍረዱ። ልባሽ ማሽን ከሆነ ለሃያ ደቂቃ ያህል አስበርታችሁ አንድ ቪዲዮ እያጫወታችሁ እጃችሁን ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ አድርጉ፤ ሙቅ አየር ይውጣ፣ ግን እጅ የሚያስነሣ አይሁን፣ የተቃጠለ ሽታም አይኑር። አዲስ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ የ12 ቮልቱን አምፒርና የዲግሪውን ቁጥር አንብቡ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ሞዴልና ዕቃው ላይ ያለው አንድ መሆኑን አመሳክሩ፤ ማታ ቤት አስበርታችሁ ከጮኸ በማግሥቱ የምትመልሱበትን ስምምነት ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።